ድምፁ ያልተሰማው ቪዲዮ

የሰፈሩ ሰው «ትኩሷ» ይላታል። ፀጉር ሠሪ ስለሆነችና ማድረቂያው ከእጇ ስለማይለይ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ማን ሆስፒታል እንደገባ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። የሰማችውንም ሳይበርድ ታደርሰዋለች።

ፀጉር ቤቷ ከአስፋልቱ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስት ወንበር፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጥጉ ላይ የፀጉር መታጠቢያ ገንዳ፤ ከዚያ የተረፈው ቦታ ለወሬ ነው። ደንበኞቿ ፀጉራቸውን በቢጎዲን አስጠቅልለው ካስክ ውስጥ ሲገቡ፣ በጩኸቱ ምክንያት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እሺ ትኩሷ፣ ዛሬስ ምን አለ?» ይሏታል። እሷም ስልኳን ከሽርጧ ኪስ መዥረጥ ታደርጋለች።

ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የታመመ ጠያቂ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበረች። ብቻ አንድ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ቀድሞ ከወጣ የተበለጠች ይመስላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ከዘመዶቿ ግሩፕ አንድ አጭር ቪዲዮ ተልኮላት ነበር። የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው የወተት ጣሳ ከፍቶ ከቢጫ ጄሪካን የሚያረፋ ነገር ይጨምርበታል። ከጀርባው ሰማያዊ የብረት በር ይታያል። ከሥሩ «ወገን ተጠንቀቅ! ወተት ውስጥ ኬሚካል ሲጨምሩ እጅ ከፍንጅ ተያዙ! ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ!» የሚል ጽሑፍ አለ።

ትኩሷ «ኧረ ጉድ!» ብላ ስልኩን ካስክ ውስጥ ላለችው የባንክ ሠራተኛ አቀበለቻት።

የባንክ ሠራተኛዋ አየችና ጮክ ብላ፣ «ቆይ፣ ቆይ! ይሄ በር የእትዬ በር አይደለም እንዴ?» አለች።

እትዬ የሚሏት ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ አራት ላሞች አርብታ ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። ስሟን የሚያውቅ እስኪጠፋ ድረስ ትልቁም ትንሹም እትዬ ነው የሚላት። የእሷም በር ሰማያዊ ነው።

«ሰማያዊ ነው፤ አዎ» አለች ትኩሷ፣ ስልኩን መልሳ እየተቀበለች።

«እኔኮ የትናንቱ ወተት አረፋው በዝቶብኝ ነበር።»

ፀጉሯን በመታጠብ ላይ የነበረች ሌላ ደንበኛም ቀና ብላ፣ «የኔም ልጅ ሆዱን ሲያመው ነው ያደረው! ለካ ለዚህ ነው!» አለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰማያዊ በር፣ ትንሽ አረፋና አንድ የሕፃን ሆድ ቁርጠት ተደማምረው ማስረጃ ሆነው ቁጭ አሉ።

በሩ አጠገብ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ነርስ ነበረች። መጽሔቷን ዘግታ፣ «ትኩሷ፣ የእትዬ ስልክ የለሽም? ለምን ደውለሽ አትጠይቂያትም?» አለቻት።

«ብጠይቃት፣ አዎ ኬሚካል ጨምሬያለሁ ልትለኝ ነው?»

«ቢያንስ ቤቷ መሆኑን ታረጋግጫለሽ።»

«እስክናረጋግጥ ስንት ልጅ ይጠጣዋል? ደግሞ ውሸት ቢሆንስ ምን አለበት? ሰው ቢጠነቀቅ ማን ይጎዳል?»

ነርሷ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ መጽሔቷ ተመለሰች። ትኩሷም በአውራ ጣቷ «ይህ የኛው ሰፈር ወተት ቤት ነው፤ ልጆቻችሁን አድኑ» የሚል መስመር ጨመረችና ለሰፈሩ ግሩፕና ለተማሪ ወላጆች ግሩፕ ላከችው። ከዚያ ስልኩን ወደ ኪሷ መልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ደግ ሥራ የሠራ ሰው ደስታ ተሰምቷት ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። እሷ በሩ ሲንኳኳ ወተት ፈላጊዎች መስለዋት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «የማታው ገና አልታለበም፤ ትንሽ ታገሡኝ» አለች። ከፊቷ የቆመው ጎልማሳ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ፣ «የምታጠጪን ይሄንን ነው?» ሲላት ምን እንደሚያሳያት እንኳ አልገባትም። መነጽሯ ቤት ውስጥ ነበር።

ገፍተዋት ገቡ። ለእርጎ ያስቀመጠችውን ወተት ከነጣሳው ግቢው ውስጥ ደፉት። «ኧረ ምን አደረግኳችሁ?» እያለች አንዱን ጣሳ ለማዳን ስትታገል አንድ ሰው መነጨቃትና የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ፖሊስ ደርሶ ሰዉን ሲበትን የመነጨቃት ማን እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። ሁሉም «እኔ ዳር ቆሜ ነበር» አለ።

ትኩሷ ይህን የሰማችው ወደ ማምሻው፣ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ቤቷ ስትገባ ነው። መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ ግን ለባሏ ስትነግረው፣ «እጅ ማንሳታቸው ጥሩ አይደለም፤ ግን እሷስ ብትሆን ምን ስታደርግ ነበር?» አለችው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ንግግር አያበዛም። «እስቲ አሳዪኝ» አላት።

ሰጠችው። አየው። ከዚያ፣ «ድምፅ የለውም?» ብሎ ጠየቃት።

ትኩሷ ቪዲዮውን ካየችበት ሰዓት ጀምሮ አንድም ጊዜ ድምፁን አልሰማችውም። ሁለት ካስክ እየጮኸ ማን ምን ይሰማል? ባሏ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሰውየው እየሠራ ከካሜራው ጀርባ ካለ ሰው ጋር ያወራል፤ ይስቃልም። የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ሁለቱም በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም።

«ይሄ የየት አገር ሰው ነው?» አለ ባሏ። «እትዬስ ከመቼ ወዲህ ነው ወንድ ሠራተኛ የቀጠረችው?»

ትኩሷ ስልኩን ነጠቀችው። ደግማ አየች፤ ደግማ ሰማች። አሁን ዓይኗ የሚያየው ሌላ ነገር ሆነ። በቪዲዮው ውስጥ ያለው በር ባለ ሁለት ተከፋች፣ መኪና የሚያስገባ ትልቅ በር ነው። የእትዬ በር ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ጠባብ በር ነው። ትኩሷ ስንት ጊዜ ጎንበስ ብላ ገብታበታለች! አራስ ሳለች እትዬ በዚያ በር ወጥታ ነበር ወተት ይዛላት የምትመጣው።

«ሰውየው ምንድን ነው የሚያደርገው ታዲያ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እኔ ምን አውቄ? ጣሳ እያጠበም ሊሆን ይችላል፤ እውነትም እያጭበረበረም ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው ከመሀል ተጀምሮ መሀል ላይ ነው የሚያልቀው። እኔ የማውቀው እትዬ አለመሆኗን ነው።»

ያን ምሽት ትኩሷ «ተሳስቻለሁ፤ ቪዲዮው የኛ ሰፈር አይደለም» ብላ በላከችባቸው ግሩፖች ሁሉ ጻፈች። የመጀመሪያውን መልእክት ሰው እየተቀባበለ ከሰፈሩ አልፎ አዳርሶት ነበር። ይሄኛውን ግን ለሌላ ያስተላለፈ አልነበረም። አንዱ «እሺ» አለ። ሌላዋ የምታለቅስ ፊት ላከች። ከዚያ ግሩፑ ስለ ሌላ ነገር ማውራቱን ቀጠለ።

በማግስቱ የእትዬን ቤት አንኳኳች። እትዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?»

«የኛ ሰፈር ወተት ቤት ነው ብዬ የጻፍኩት… እኔ ነኝ።»

እትዬ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከጓሮ የላም ጩኸት ይሰማ ነበር።

«ስልኬ የለሽም?»

«አለኝ።»

«ቤቴ ጠፍቶሽ ነው?»

«እትዬ…»

«ሻይ ጥደሽ ብትመጪ፣ ጠይቀሽኝ ሳይፈላ ትመለሺ ነበርኮ ልጄ።» ቁጣ የለውም ድምፅዋ። ትኩሷን ያቃጠላትም ይኸው ነው። «ይቅርታሽን አልገፋም። አሁን ግን ሂጂልኝ። ፊትሽን ሳይ እጄ ይጠዘጥዘኛል።»

የጤና መሥሪያ ቤቱ ሰዎች የእትዬን ወተት ወስደው መረመሩት፤ ምንም እንከን አልተገኘበትም። ግን ጉዳቱ ውጤቱን አልጠበቀም። እጇ ታስሮ ማለብ ስላልቻለች በሰው እጅ ታሳልብ ጀመር። ላሞቹ የማያውቁት እጅ ሲነካቸው ይራገጣሉ፤ በቅጡም አይታለቡም። ጥቁሯ ላም ጡቷ አብጦ ታመመች፤ ወተቷም ነጠፈ።

ትኩሷ ቤት ለቤት ዞረች። በጽሑፍ ያልሰማት ሰው በአፍ ቢሰማት ብላ ነው። አብዛኛው አዳመጣት። ሆድ ቁርጠት ነበረበት ያለችው የልጁ እናት ግን በሯን ገርበብ አድርጋ፣ «ቢሆንም፣ ልቤ አልቀበል አለኝ» አለቻት።

«ልጁን ምን ነበር ያመመው?»

«ከረሜላ አብዝቶ ነበር። ግን ቢሆንም…»

ትኩሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ይህንን «ቢሆንም» የተከለችው ራሷ ናት፤ ልትነቅለው ግን አልቻለችም።

ወሬ ውሸት ነው ስለተባለ ብቻ ያበቃለታል ማለት አይደለም ወገኖቼ። አንዴ ከእጃችን የወጣን ወሬ ማስተባበያው አያስቆመውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ከመላካችን በፊት ነው። ማን አየ? መቼ ነው? የት ነው? ይህን ለእኔ የላከው ሰው ራሱ ከማን ሰማ? ቪዲዮው የሚያሳየኝ ምንድን ነው፤ ከሥሩ የተጻፈውስ እይ የሚለኝ ምንድን ነው? ቁጣ ወይም ፍርሃት ሲያንቀጠቅጠን ደግሞ ያኔ ነው ይበልጥ ቆም ማለት ያለብን። ትኩሷንም ያሳሳታት ክፋት አልነበረም፤ ሳትጠይቅ ደግ ለመሆን መቸኮሏ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሥርዓት አወጣች። ቪዲዮ ላሳይ የሚል ሰው ሲመጣ ካስኩን ታጠፋለች፤ ድምፁን ታሰማለች፤ ትጠይቃለች። አንዳንዶቹ ሳቁባት፤ «ፀጉር ልንሠራ ነው የመጣነው ወይስ ፍርድ ቤት?» አሏት። የባንክ ሠራተኛዋ ሌላ ፀጉር ቤት ሄደች። ነርሷ ቀረች።

ክረምቱ ሲወጣ ሰፈሩን አንድ መልእክት አመሰው፤ «የቧንቧው ውሃ ተመርዟል! እንዳትጠጡ! አድርሱ!» ይላል። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ስልካቸውን አወጡ።

ካስክ ውስጥ የነበረችው፣ «ይሄማ ያው የተለመደው ውሸት ነው፤ ተይው» አለች።

«አላውቅም» አለች ትኩሷ። «ውሸት መሆኑንም አላውቅም።» ካስኩን አጠፋችና ውሃ መሥሪያ ቤት ደወለች። መስመሩ ብዙ አስጠበቃት። በመጨረሻ አንድ ቴክኒሽያን አነሳ። የተመረዘ ነገር የለም፤ ግን ትልቁ ማጠራቀሚያ በክሎሪን እየታጠበ ስለሆነ እስከ ነገ እኩለ ቀን የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፤ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል አላት። ማስታወቂያውም መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መለጠፉን ነገራት።

ትኩሷ ማን እንዳላትና ምን እንዳላት ከነሰዓቱ ጻፈች። «ተመርዟል የሚለው ስህተት ነው፤ አትጠጡ የሚለው ግን እውነት ነው» ብላ ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። እትዬ ናት። ከዚያች ቀን ወዲህ ደውላላት አታውቅም።

«ይሄ የላክሽው ነገር… ከማን ሰምተሽ ነው?»

«ራሴ ደውዬ ነው እትዬ፤ ቴክኒሽያኑን አናግሬው።»

«ላሞቹስ? ለከብትም አይሆንም ብሏል?»

ትኩሷ አፏን ከፈተች። ድሮ ቢሆን ምላሷ ላይ መልስ አይጠፋም ነበር፤ «ሰው የማይጠጣውን ከብት እንዴት ይጠጣዋል?» ትል ነበር።

«አላውቅም እትዬ» አለች። «እሱን አልጠየቅኩትም። አሁኑኑ ጠይቄ ልንገርዎት።»

ከወዲያኛው ጫፍ የውሃ ባሊ መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«እሺ» አለች እትዬ። «እስክትነግሪኝ አላጠጣቸውም።»