የአንድ ሰዓት መንገድ

«እህት፣ ይሄ ትኬት ተሳስቷል» አለ ለሥራ ከሩቅ አገር የመጣው መሬት ቀያሽ።

ትኬት ቆራጯ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ይህን ቅሬታ ስትሰማ ነው የኖረችው። «አልተሳሳተም።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቶ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይደርሳል ይላል እኮ። ያን ሁሉ አገር በአንድ ሰዓት?»

«የሚነሳው በእኛ ሰዓት ነው፤ የሚደርሰው በእነሱ ሰዓት። አየር ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀመጣሉ።»

ለእረፍት አገሩ ደርሶ እንደተመለሰ መስኮቷ ላይ ተገተረ። «ያ የሰዓቱ ነገር አሁንም አልገባኝም» አላት። መሬት ለክቶ የሚያድር ሰው ይህ ይጠፋዋል? አልጠፋውም። እሷም ነቅታበታለች፤ ግን ከሀ ጀምራ አስረዳችው፣ ሳቋን እየዋጠች።

ፍቅራቸው ሳይጠገብ የቀያሹ ሥራም የመኖሪያ ፈቃዱም አንድ ላይ አለቁ። «አብረን እንሂድ» አላት። መሄድ ፈለገች፤ በዕድሜዋ ምንም ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም። አክስቷም «አባትሽን እኔ አስታምማለሁ» ብላ ነበር። ነገር ግን አባቷ ግማሽ አካላቸው ከደነዘዘ ወዲህ ከእሷ እጅ በቀር አይጎርሱም። በየምሳ ሰዓቱ ከቢሮ እየሮጠች የምትመጣው ለዚሁ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ርቃ ልትሄድ መሆኑን በየትኛው አፏ ትንገራቸው?

ትኬቷን ይዛ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀያሹ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይኸው አባዬ፣ ሁለት ሰዓት ይነሳል፣ ሦስት ሰዓት ይደርሳል።»

ደንበኛውን ሁሉ «እንደሱ አይደለም» ስትል የኖረችው ሴት!

አባቷ ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። «አንድ ሰዓት? ታዲያ ይሄም መንገድ ሆኖ ነው? እኔ ደግሞ ልጄን ሊያርቅብኝ ነው ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሂጂ፣ ተመርቀሻል። ምሳዬን ብቻ እየመጣሽ ታጎርሺኛለሽ።»

ቀያሹ ጓዳ ድረስ ተከተላት። «እውነቱን እንንገራቸው።»

«እንዳታደርገው! ሲስቁ አላየህም?»

«ታዲያ በምሳ ሰዓት ሲያጡሽ ምን ሊሆኑ ነው?»

ይህንኑ እያሰበች ነበር። አንገታቸውን ወደ በሩ አዙረው ሲጠብቋት ታዩዋት። ያስወጣኛል ያለችው ውሸት እዚያው ቆለፈባት።

«እወድሃለሁ» አለችው፤ ከዚያ በፊት ብላው አታውቅም። «ሂድ።»

እጇን ይዞ ቆየ። ለመልቀቅ የቸኮለ አልነበረም።

ለአባቷ «ተጣላን» አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል? ቀያሹ ግን እስከ ዛሬ ይደውልላታል፤ ለእሱ ሲመሽ ለእሷ ይነጋል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አባቷ ሾርባቸውን ዋጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንኳን ቀረብሽ ልጄ። የአንድ ሰዓት መንገድ ሆኖ፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ ደህና ነሽ ወይ አይልም? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!»



«ልክ ነህ አባዬ» አለችና አፋቸውን ጠርጋ የሚቀጥለውን ማንኪያ ሞላች።