ጀርባቸውን ለሐይቁ የሰጡ ጫማዎች

ራሱን ሊያሰጥም የሄደ ሰው ዳር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ የጫማው አፍንጫ ወዴት የሚያይ ይመስላችኋል? እናንተ ቢያንስ አስቡበት፤ በዚያች ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ለዚህ ጥያቄ አንድ ደቂቃ የሰጠ አልነበረም። የሰባ ዓመቱ አትክልተኛ ኢናባ በእንግሊዝ ወግ ከተተከለው የአትክልት ቦታ ሥር፣ ሐይቁ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጫማዎቹ ሣሩ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቃ፣ «ራሱን አጠፋ» ተብሎ ተጻፈ።

ሴት ልጁ ቺግሳ መርማሪ ታኬባን ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት። «አባቴ ጽጌረዳዎቹ ሊፈኩ ሳምንት ሲቀራቸው ጥሏቸው አይሄድም። ያንን ቃል ከመዝገቡ ያውጡልኝ። ሌላ አልለምንዎትም።»

ታኬባ ወደ አትክልት ቦታው ሄደች። ትኬት ሻጯ ወይዘሮ ኦሪዬ ያን ዕለት የጎብኚ አውቶቡስ ቀድሞ በመምጣቱ የገንዳው ፏፏቴ ቶሎ እንዲበራ ታዝዞ እንደነበር ነገረቻት፤ ማን እንዳዘዘ ስትጠየቅ ግን ትኬቶቿን ማስተካከል ጀመረች። ሁለተኛው አትክልተኛ ቴፔይም ከመቀሱ ቀና አላለም።

«አጥር ስከረክም ነበር። አጥር ደግሞ ወሬ አያወራም።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኩኒማትሱ ቢሮው መግቢያ ላይ ተቀበላት። ታኬባ ጫማዋን አውልቃ እንደገባች ጎንበስ አለና፣ ስትወጣ እንዲመቻት፣ የጫማዋን አፍንጫ ወደ በሩ አዞረላት።

«ይቅርታ፣ እጄ ለምዶ ነው። ሠላሳ ዓመት የእንግዳ ማረፊያ ይዤ ኖሬያለሁ።»

ታኬባ ጫማዋን ትክ ብላ አየችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ የአትክልት ቦታው በር ለጎብኚ ሳይከፈት፣ ሦስቱንም ከቺግሳ ጋር ጽጌረዳዎቹ መሐል ባለው ክብ ገንዳ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ውሃው ላይ ምስር የሚያካክሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ሰፍፈዋል።

«ሐኪሙ ከኢናባ ጉሮሮ ያወጣው ይህንን ቅጠል ነው፤ ሐይቁ ውስጥ የለም» አለች። «ክንዱም ተቃጥሏል። የፏፏቴው ሞተር ሽቦ ተልጧል። ተንበርክኮ ቅጠሉን ሲለቅም አንድ ሰው የሞተሩን ማብሪያ ተጫነ፤ ኢናባም ኤሌክትሪክ ይዞት እዚሁ ገንዳ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ያ ሰው በእጅ ጋሪ ወደ ሐይቁ ወሰደው፤ ራሱን ያጠፋ እንዲመስልም ጫማውን አውልቆ ዳር ላይ አኖረ። ለመስጠም የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ ከጫማው ይወጣል። የኢናባ ጫማዎች ግን ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው መንገዱን ያዩ ነበር። ለሚወጣ እንግዳ እንዲህ ጫማ የሚያሰናዳ እጅ እዚህ መሐላችን አለ።»

ኩኒማትሱ አልካደም። ወገቡ እስኪታጠፍ ድረስ አጎነበሰ። ኦሪዬ ተከተለች፤ ቴፔይም መቀሱን አስቀምጦ አጎነበሰ።

«ጥፋቱ የሁላችንም ነው» አለ ኩኒማትሱ።

ማብሪያውን ማን እንደተጫነ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ሦስቱም እንዳጎነበሱ «ሁላችንም» አሉ። ይህ ቃል ትሕትና ነው የሚል ካለ ይዋሻል፤ አንድ ጥፋተኛ የሚሸሸግበት ጫካ ነው። ማብሪያው የጣት አሻራ እንዳይገኝበት በጨርቅ ተወልውሏል፤ ያየም፣ ያየሁትን እናገራለሁ የሚልም የለም። አለቃዋ በስልክ፣ በጫማ አፍንጫ ሰው እንደማይከሰስ፣ ቦታው የከተማዋ እንጀራ እንደሆነና መዝገቡ እንዳለ እንደሚዘጋ ነገራት። ታኬባ ስልኩን ዘጋች። ሁሉን አውቃለች፤ ማወቋ ግን ከመዝገቡ አንዲት ቃል መፋቅ አልቻለም።

በሩ ተከፈተ። ጎብኚዎቹ እየተንጫጩ ገቡና ያጎነበሱትን ሰዎች ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። ቺግሳ ኩኒማትሱ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ቀና ይበሉ፣ አቶ ኩኒማትሱ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ይስሙ። ማብሪያውን የተጫነው ማን ነው? አንድ ስም ይጥሩ።»