የኤልሳፋር መቆሚያ

በሰርመዳ መንግሥት፣ በዳልሞና ከተማ፣ ከቴአትር ቤቱ ደጃፍ የቆመው የነሐስ ሐውልት አንድ ንጋት ከመቆሚያው ጠፍቶ ተገኘ። ሐውልቱ የጥንቱ ጦረኛ የኤልሳፋር ነበር። እርሱ ዘብ እስከቆመ ድረስ የአመድ ተኩላዎች ቅጥሩን እንደማያልፉ ነቢያት ተናግረዋል። በዚያው ዕለት የሰሜኑ ሰማይ አመድ ለበሰ።

ንግሥቲቱ ዘቦቿን ሰብስባ «ማን ይሄድልኛል?» ስትል ወጣቷ ኢያሜን ወደ ፊት ወጣች።

«በነገሥታቱ መቃብር እምላለሁ! ኤልሳፋርን ሳልመልስ ደጅዎን አልረግጥም!»

ሰይፍ ያስተማራት አጎቷ ባርዳስ ሰይፉን ታጥቆ ተከተላት።

የነሐስ እግሮቹ ዱካ በረሃውን አቋርጦ ይሄዳል። መንገድ ላይ ተኩላዎች ደርሰውባቸው የባርዳስን ጎን ዘነጠሉት፤ ውኃቸውም አለቀ። ኢያሜን አጎቷን ደግፋ ስትጓዝ ፍርሃቷ ሁሉ ተሟጦ ድካም ብቻ ቀራት፤ እየተራመደች እንቅልፍ ያንገላጅጃት ነበር።

ኤልሳፋርን ወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ አገኙት።

«ጌታዬ፣ ከተማችን ልትጠፋ ነው። ይመለሱልን!»

«ልጄ፣ ደክሞኛል» አለ፤ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ደወል ነበር። «ሕዝቡ ከጀርባዬ ካለው ቴአትር ቤት ገብቶ ይስቃል፣ ያለቅሳል። በምን እንደሚስቅ እንኳ ዞሬ አላየሁም። መቀመጥን ረስቼው ነበር።»

ኢያሜን ልትቆጣው ነበር የመጣችው። ነገር ግን አጠገቡ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«ሌላ ሰው ቢቆምልዎስ?»

«በፈቃዱ መቆሚያዬ ላይ የወጣ ነሐስ ይሆናል። እኔም ሰው ሆኜ አርፋለሁ።»

«እኔ አለሁ» አለ ባርዳስ ቁስሉን እንደያዘ።

ሲመለሱ ተኩላዎቹ ቅጥሩን ጥሰው ቴአትር ቤቱን ከበውታል፤ ከውስጥ የተጠለሉት ሕፃናት ዋይታ ይሰማል። ኤልሳፋር በነሐስ ክንዱ እየመታ መንገድ ከፈተ። ባርዳስ ወደ መቆሚያው ሮጠ፤ ቁስሉ ግን ጣለውና ደረጃው ላይ ተደፋ። ኢያሜን አልፋው ወጣች።

«ውረጂ! ውረጂ እልሻለሁ!»

«ጋሼ፣ በቃ። እርስዎ አረፍ ይበሉ።»

ቅዝቃዜ ከተረከዟ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። ሰይፏን ስታነሣ ብርሃን ፈነጠቀ፤ ተኩላዎቹም እየተፈረካከሱ ረገፉ። የቴአትር ቤቱ በር ተከፍቶ ሕዝቡ በእልልታ ፈሰሰ። ኤልሳፋር ሥጋ ለብሶ፣ አንድ ሽበታም ሽማግሌ ሆኖ፣ ባርዳስን ከወደቀበት ደግፎ አነሣው።

ባርዳስ እየተንገዳገደ መጥቶ እጇን ያዘ። ጣቶቿ በመዳፉ ውስጥ ይጠነክሩ ነበር።

«ለእናትሽ ምን ብዬ ልንገራት?»

ነሐሱ አንገቷ ላይ ደርሷል።

«ደጅ ቆማ እንዳትጠብቀኝ ይንገሯት» አለች ኢያሜን። «ትተኛ።»