ሁለት ክንፍ ብቻ

«ዝም በል፣ አትተንፍስ!» አለች ቁንጫ መሬት ላይ በሆዷ እንደተኛች።

ራዲዮ ትንፋሹን ዋጠ። ትንፋሹን መዋጥ አላቃተውም፤ ዝም ማለት ግን አይሆንለትም። «እሺ፣ ግን ለስንት ደቂቃ? እኔ እኮ…»

«ራዲዮ!»

ያበበው ድንብላል ላይ፣ ከቁንጫ አፍንጫ አንድ ስንዝር ርቃ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ፍጥረት አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። በማይታይ ክር የተንጠለጠለች ትመስላለች። ወዲያው አበባው ላይ ስታርፍ ቁንጫ ብርጭቆ ደፋችባት።

ቁንጫ የሚለውን ስም ያወጣላት ራዲዮ ነው፤ አጭር ስለሆነችና አንድ ቦታ ስለማትረጋ። እሷም ብድሯን መልሳ «ራዲዮ» አለችው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ስሙን ተቀበለው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ እንኳ የለም።

ጓሮው የአክስቷ ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ የሚይዙትን አጉሊ መነጽር ዛሬ ለቁንጫ አውሰዋታል። ነገ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርእይ ነው። ራዲዮ ባለፈው ሳምንት ለባዮሎጂ መምህርቷ «ትንሽ ጥቁር ንብ አገኘን» ብሎ ነገራቸው። ንብ መሆኗን ከልቡ አምኖ ነበር። «በዓለም ላይ የሌለች» የምትለዋ ግን አፉ ላይ የመጣች ጭማሪ ነበረች። መምህርቷ ለርእሰ መምህሩ ነገሩ፤ ርእሰ መምህሩም መግቢያው ላይ ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ለእነሱ ይሰጥ አሉ።

የቀረው ሥዕሏን መሣል ብቻ ነበር። ቁንጫ መነጽሩን አስጠግታ ክንፎቿን መቁጠር ጀመረች።

«አንድ… ሁለት…»

«ቀጥይ» አለ ራዲዮ እርሳሱን አሹሎ።

«አለቀ።»

«እንዴት አለቀ?»

«ንብ አራት ክንፍ ነው ያላት። ይቺ ሁለት ብቻ።» ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ ገለጠች። «አንዣባቢ ዝንብ ትባላለች። አየር ላይ መቆም የምትችለዋ።»

«ዝንብ?!» ራዲዮ ራሱን ያዘ። «ቁንጫ፣ በናትሽ! እናቴን፣ አጎቴን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቻለሁ እኮ። ዝንብ ኑና እዩ ልበላቸው? ዝንብ ቤታቸውም ሞልቷል!»

ቁንጫ ሳቋ አመለጣት።

«አትሳቂ! ማን ክንፍ ይቆጥራል? ለአንድ ቀን ነው፤ ዝም እንበል።»

ዝም እንበል የሚል ቃል ከራዲዮ አፍ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቁንጫ መጽሐፉን ከደነችው። አምና በዐውደ ርእዩ ሥራቸው የተቀመጠው ከበር ጀርባ፣ ከመወልወያው ባልዲ አጠገብ ነበር። አንድ ሰው ነው ያየው፤ እሱም ባልዲውን ሊወስድ የመጣ። ትልቁን ጠረጴዛ ማጣት አልፈለገችም።

ብርጭቆውን አነሳች። ዝንቧ ግን ርቃ አልሄደችም። አጠገቡ ወዳለው ባቄላ ወርዳ፣ ክሽክሽ የሚባሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ተባዮች የወረሩት ቅጠል ላይ ጭራዋን ነካ አደረገችና በረረች። ነጭ እንቁላል ቀረ፤ መጽሐፉ እንደሚለው ከእንቁላሏ ትል ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ቀድሞ የተፈለፈለ አንድ ትንሽ ትል አንገቱን አስግጎ ክሽክሽ ላይ ተጣበቀና ወደ ላይ አነሳው። ክሽክሹ እግሩን እያንፈራገጠ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«በላው! መጠጠው!» ራዲዮ ዘለለ። «ኧረ ባዶ ቆዳውን ጣለው! እትዬ! እትዬ ቶሎ ይምጡ!»

አክስቷ ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እየሮጡ መጡ። «ማን ወደቀ?» አሉ። ማንም እንዳልወደቀ ሲያውቁ በመነጽሩ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቆዩ። «ውይ የኔ ጌታ! እኔ ክሽክሹን በጣቴ ስለቅም ወገቤ ሲቆረጥ፣ ለካ ሠራተኛ ነበረኝ!»

ሦስቱም ትል ሲፈልጉ ከሰዓት በኋላው አለፈ። ሰባት አገኙ። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ራዲዮ ነበር።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቲቸር ጋ ደርሰን እውነቱን እንንገራቸው» አለች ቁንጫ።

ራዲዮ የጫማውን አፈር አራገፈ። «እሺ፣ አንቺ ጀምሪ» አለ።

መምህርቷ «አዲሷ ጥቁር ንብ» የሚል ጽሑፍ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ እየለጠፉ ሳለ ልጆቹ ደረሱ።

«ቲቸር፣ ንብ አይደለችም» አለች ቁንጫ። «ዝንብ ናት። ክንፏ ሁለት ነው።»

«በዓለም የሌለች ያልኩትም ከራሴ ነው» አለ ራዲዮ፤ አጭር ንግግር፣ ለእሱ።

መምህርቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔስ ብሆን መች ቆጠርኩ?» አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ለልጆቹ የሚያለቅሱ መስሏቸው ነበር፤ እየሳቁ ነው። «ጠረጴዛውን ግን ርእሰ መምህሩ ሮኬት ለሠሩት ልጆች መስጠታቸው አይቀርም።»

«ደረጃው ሥር ይበቃናል» አለች ቁንጫ። «ባቄላውን ከነትሉ በማሰሮ እናመጣለን።»

«ታዲያ የዝንቧ ስም ማነው?»

ቁንጫ መጽሐፉን ገለጠች። ጥቃቅን ጥቁር አንዣባቢዎች ብቻ አራት ዓይነት ናቸው፤ አራቱም መንታ ይመስላሉ።

«አንዷን እንምረጣ» አለ ራዲዮ። ከዚያ አፉን በመዳፉ ከደነ።

ቁንጫ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጽሑፍ አላቃ ጀርባውን ገለበጠችና እስክሪብቶ አነሳች። «ጥቁር አንዣባቢ ዝንብ» ብላ ጻፈች። ከሥሩም፣ በዚያው መጠን ባለ ፊደል፦ «ከአራቱ የትኛዋ እንደሆነች ገና አላወቅንም።»