በጥጃው ቆዳ ውስጥ የተነፈሰው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ገደሉ ሥር ጅን አለ ሲሉኝ «ግብር ይከፍላል?» ብዬ የምስቅ ሴትዮ ነኝ፣ ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፣ ስለዚህ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፣ እመኑኝ።

ቤቴ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጧት ጧት ከገደሉ ወጥተው መስኩ ላይ ሣር ይነጫሉ፣ ሊመሽ ሲል ወርደው እዚያው ገደላቸው ላይ ያድራሉ፣ ከማሳዬ እርከን ወዲህ አልፈው ደጄን ረግጠው አያውቁም፣ እኔም ድንጋይ ወርውሬባቸው አላውቅም፣ ድንበር ተከባብረን ነው የኖርነው።

ክረምቱ ሲገባ የወንድሜ ልጅ አራጋው በማዳበሪያ ጆንያ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ይዞ መጣ፣ ከፍቼ ባይ የጭላዳ ግልገል ነው፣ ከእናቱ ጀርባ ነጥቆ ያመጣው።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ባሕር ማዶ ገዢ አለው አክስቴ፣ ሀብታም ቤት ሊያድግ ነው፣ ከእኔና ከእርስዎ የተሻለ ይበላል» ብሎ ሳቀ።

«ወረቀት አለው?»

«እርስዎ ደግሞ! ወረቀትማ ከእኛም መንግሥት፣ ከሚገባበትም አገር ይጠየቃል፣ ያለዚያ እዚያ መግቢያ በር ላይ ይያዛል። ለዚህ ግን አይሰጡም።»

«ለምን?»

«ከእኛ አገር በቀር የትም የለም፣ ያገኘው ሁሉ ከወሰደው ዘሩ ያልቃል ይላሉ።»

«ታዲያ ምናቸው ተሳሳተ? ተቀባይ ከሌለ ሌባ የለም! እኔ የገዛ በሬዬን ስሸጥ እንኳ የእኔ መሆኑን ሰው ይመሰክርልኛል፣ አንተ ያላረባኸውን በማን ምስክር ትሸጣለህ? አሁኑኑ መልሰው!»

«ያባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ እመልሰዋለሁ» ብሎ ጆንያውን አንሥቶ ወጣ። ወደ ገደሉ ግን አልሄደም፣ ወደ መኪናው መንገድ ሲታጠፍ አየሁት። የጎረቤት ልጅ ቢሆን ጮኬ ቀበሌ አስይዘው ነበር፣ የወንድሜ ልጅ ነውና ዝም አልኩ። ስንቱን ስፈርድበት የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን በገዛ ሥጋዬ ላይ አልፈረድኩም።

ሳምንት አለፈ። ላሜ ቦራ ያኔ ጥጃዋ ሞቶባት ነበር፣ እንደ ደንባችን ቆዳውን ገለባ ሞልተን ሰፍተነዋል፣ ስትታለብ ጨው ነስንሼ ፊቷ አቆምላታለሁ፣ ልጄ ነው ብላ እየላሰችው ወተቷን ታወርዳለች። ያን ዕለት ከሰዓት ጉም ደጄን ዋጠው፣ ወደ ማታ ላልባት ስቀመጥ ቦራ አልልስ አለች፣ ቆዳውን አሸተተችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ብነካው ለብ ብሏል። ስለተነፈሰችበት ነው አልኩ። ኋላ ሆዱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ግን እንደ ሕፃን በአፍንጫው እየሳበ አይተነፍስም።

ዘወር ስል፣ ጭላዶቹ እርከኑን አልፈው ጉሙ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ በዚያ ሰዓት ገደላቸው ላይ መሆን ሲገባቸው፣ አንድም የሚጮህ የለ፣ አንድም ሣር የሚነጭ የለ፣ ከሁሉም ፊት አንዲት እንስት ባዶ ደረቷን አቅፋ።

ስልኬ ጮኸ፣ አራጋው ነው።

«አክስቴ፣ ጉድ ሆንኩ፣ ባሕር ማዶ መግቢያው በር ላይ ግልገሉ ያለበትን ሳጥን ያዙት፣ የመግቢያ ወረቀት የለውም ብለው።»

«እሰይ! እግዜር ይስጣቸው! ግልገሉን ይመልሱታል?»

«ግልገሉማ አክስቴ...»

«አራጋው!»

«ሲከፍቱት የለም አሉ። ይዞት የሄደው ሰውዬ መንገድ ላይ ወተት አጠጥቼዋለሁ፣ እየጮኸ ነው ሳጥኑ ውስጥ የገባው ብሎ ይምላል። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ገለባ ነው፣ ጨው የነካው ገለባ።»

ስልኩን ጥዬ ወደ ቆዳው ዞርኩ። እዚህ ውስጥ ካለ ታፍኖ ይሞታል፣ ሁለተኛ ዝም አልልም አልኩና ስፌቱን በወስፌ ተረተርኩት፣ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፣ ገለባ፣ ገለባ፣ ከዚያ አንድ ትንሽ እጅ ጣቴን ጨብጦ ያዘኝ። ስቤ ማውጣት ነበረብኝ። ወላሂ ነው የምላችሁ፣ አልሳብኩም፣ እጄን መንጭቄ ጮህኩ።

ጎረቤቴ ሰይድ ባትሪ ይዞ እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ ምን ነካዎት?» ብሎ ቆዳውን ገልብጦ አራገፈው፣ ገለባ ብቻ። «በሉ እርስዎ በስመ አብ ይበሉ፣ እኔም አዑዙ ቢላሂ እላለሁ፣ አንዱ አይስተውም» አለኝ፣ ሊያስቀኝ ነበር፣ እሱም ራሱ ግን ቆዳውን ዳግመኛ አልነካውም።

ሲነጋ መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በአራጋው ላይ መሰከርኩ፣ ጆንያውን፣ የሄደበትን መንገድ፣ የእኔንም ዝምታ ሳይቀር። ስለ ቆዳው ስጀምር ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ግልገሉ እስከ ዛሬ እዚያም አልተገኘ፣ እዚህም አልተገኘ።

ቆዳውን ቀበርኩት። እንስቷ ግን ጉም በወረደ ቁጥር ብቻዋን እርከኑን አልፋ ትመጣለች፣ የተቀበረበትን አታይም፣ ቤቱንም አታይም፣ ነጠላዬ ውስጥ ብሸሽገውም ያን የመነጨቅሁትን እጄን ነው የምታየው።