ትልቁ ወንበር ላይ የሞተው ሰው

ሟቹ የተገኘው በሐኪሙ ወንበር ላይ ነው።

ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነበር። አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል። ቀይ ኩባያ እግሩ ሥር ተንከባሎ ምንጣፉን አርሶታል። ከትንሿ የበሽተኛ ወንበር አጠገብ ሐኪሙ ቆሞ የገዛ እጆቹን ያያል። የካርድ ክፍሏ ሴት በሩን ስትከፍት በእነዚያ እጆች ሲያጨበጭብ ነበር ያገኘችው።

ለወሬኛ ይህ ይበቃል። መርማሪዋ እስክትደርስ ፍርዱ መተላለፊያው ላይ አልቆ ነበር፦ በሽተኞቹን በቀልድ እየነካካ የሚያክመው ሐኪም ሽማግሌውን በፌዝ አስመርሮ መርዝ አስጠጣው። የሥራ ፈቃዱ ሊነጠቅ፣ እሱም ሊታሰር ነው።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት። ባልደረቦቿ መርፌ ይሏታል። ወሬኛ አትወድም፤ ግን ታዳምጠዋለች።

«ለምን አጨበጨብክ?» አለችው ቀልደኛውን ሐኪም።

«ትወና መስሎኝ።»

«አስረዳኝ።»

«መንገድ ላይ ልቤ ቀጥ ይላል ብሎ ስለሚፈራ በመኪና ካልጫኑት ከቤት አይወጣም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አይዞህ ያላለው ሰው የለም። እኔ አይዞህ አላልኩትም። ‹እንግዲያው የምትሞትበትን መንገድ እንምረጥ፤ ጭቃ ላይ እንዳትወድቅ፣ የሚያነሱህ ሰዎች ጫማ ያሳዝናል› አልኩት። መጀመሪያ ሰደበኝ። ቀጥሎ ሳቀ። በወሩ በእግሩ መጣ።»

«በሰው መሳቅ ሕክምና ነው?»

«በሰውየው አይደለም፤ በፍርሃቱ ነው። ያውም አብረን። የማልወደውን ሰው በቀልድ አልነካም። እሱ ስድብ ይሆናል።»

«ወንበሩስ?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ እንቀያየራለን። እሱ እኔን ይሆናል፣ እኔ እሱን። አመሌን ሁሉ ያውቃል። ነገር ከመወርወሬ በፊት ከኩባያዬ እጎነጫለሁ፤ እሱም እንደኔ እየተጎነጨ ሲያሾፍብኝ ቆየ። በኋላ ደረቱን ይዞ ዘንበል አለ። ፍርሃቱ ላይ የቀለደ መሰለኝ።» እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ጎበዝ ብዬ አጨበጨብኩ።»

መርማሪዋ አላጽናናችውም። ኩባያውን በመሐረብ አንስታ አሸተተችና ለፖሊስ ሐኪሙ ሰጠችው።

የካርድ ክፍሏ ሴት ስትጠየቅ አፍንጫዋን እየጠረገች መለሰች።

«ኩባያውን የምሞላው እኔ ነኝ። በስምንት ሰዓት ሞልቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ ትልቁ ወንበር ጎን አስቀምጣለሁ። ሕክምናቸው እስኪጀመር፣ እስከ ዘጠኝ፣ ክፍሉ ሰው የለበትም፤ አይቆለፍምም።»

«መቀያየራቸውን ታውቂ ነበር?»

«በግድግዳው ይሰማል እኮ! ‹ዛሬ ደግሞ ምን ሆንኩ ብለህ መጣህ፣ አንተ አልቃሻ› ይሏቸዋል ሽማግሌው። ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው።»

«ዛሬ ምን ብለሽ ጮኽሽ?»

«‹ሞቱ! ሰው ድረሱ!› ብዬ ነዋ። ሁሉም መጣ። ትልቁ ዶክተር ግን ከሁሉም በኋላ ነው ከፎቅ የወረዱት።»

የሟቹ ልጅ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ የአባቷን ቆብ ጨብጣ ተቀምጣለች።

«አጨበጨበ!» አለች። «አባቴ ሲሞት አጨበጨበ! ይታሰርልኝ!»

«ወንበር እንደሚቀያየሩ ያውቁ ነበር?»

«ማክሰኞ ማታ ሌላ ወሬ አለው እንዴ? ‹ዛሬም ዶክተሬን አክሜው መጣሁ› ይለኝ ነበር።» ፈገግ ልትል ነበር፤ በራሷ ተናዳ ከንፈሯን ነከሰች።

ትልቁ ሐኪም የሕክምና ቤቱ ባለቤት ነው። በክፍሉና በደረጃው ግድግዳ ላይ የራሱ ፎቶግራፎች አሉ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ባንዱም ላይ ሌላ ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ለራሱ የታዘዘለት የልብ ጠብታ ብልቃጥ ተቀምጧል።

«ቀልድ ለመጠጥ ቤት ነው» አለ። «ያንን ሰው ሰባት ዓመት ያከምኩት እኔ ነኝ። እንደማይድን በመጽሐፌ ጽፌያለሁ።»

«ድኖ ነበር ይላሉ።»

«ይስቅ ነበር። መሳቅ መዳን አይደለም።»

«ሽማግሌው ቅዳሜ በሐኪሞች ጉባኤ ላይ ስለ መዳናቸው ሊናገሩ ነበር አሉ።»

«ሁለቱም! ሐኪም ተብዬው በሽተኛውን እየጎተተ። ሰርከስ ነው!»

«ሽማግሌው ትልቁ ወንበር ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«ግራ ተጋብቶ ይሆናል። የሐኪም ወንበር ላይ በሽተኛ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም።»

«ባልደረባዎ ሲያክሙ ገብተው አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ? አንድ ቀንም! ገብቼ ምን ልማር?»

መርማሪዋ አመሰገነችው። ስትወጣ ብልቃጡን አየት አደረገች። ላዩ ላይ የተጻፈው የተሸጠበት ቀን ትናንት ነው፤ ግማሹ ግን ጎድሏል።

ደረጃው ሥር አንዲት ሴት ባንድ እግሯ ጥቁር፣ በሌላው ቡናማ ጫማ አድርጋ ቆማለች። የቀልደኛው ሐኪም ሚስት ናት።

«ማን ጠራዎት?»

«ትልቁ ዶክተር ናቸው የደወሉልኝ። ‹እህቴ፣ ጠንከር በይ፤ ቶሎ ነይ› አሉኝ። እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም። ስደርስ ግን ባሌ ደህና ቆሟል።»

«ሲደውሉ የሚሰማ ነገር ነበር?»

«ከድምፃቸው ጀርባ ሴት ትጮህ ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሰበሰበች። ትልቁ ሐኪም ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ።

«የፖሊስ ሐኪሙ እንዳለው መርዙ የልብ ጠብታ ነው፤ ሲበዛ ይገድላል» አለች። «የተጨመረው ቀዩ ኩባያ ውስጥ ነው። ኩባያው የማን ነው?»

«የዶክተር» አለች የካርድ ክፍሏ ሴት ወደ ቀልደኛው እያመለከተች።

«ስለዚህ ሊገደል የታሰበው ማን ነው?»

የሟቹ ልጅ ቀና አለች።

«ማክሰኞ ከዚያ ኩባያ የሚጠጣው ሽማግሌው መሆኑን ሐኪሙ ያውቃል። የካርድ ክፍሏ ታውቃለች፤ ልጃቸውም ያውቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ሐኪሙን ሊገድል ቢያስብ ማክሰኞን አይመርጥም። ማክሰኞን የመረጠው ያላወቀ ሰው ነው። በዚህ ቤት ያላወቀው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ገብቶ ማየትን ውርደት ያደረገው።»

«ሽማግሌውን ለመግደል የፈለገ ቢሆንስ?» አለ ትልቁ ሐኪም። «መርዙን ኩባያው ውስጥ ይጨምራል።»

«ያ ሰው የሐኪሙን ሚስት ጠንክሪ ብሎ አይጠራም። ዶክተር፣ ደውለዋል?»

«አደጋ አየሁ፣ ደወልኩ።»

«አላዩም። ሲደውሉ የካርድ ክፍሏ ሴት ገና ትጮህ ነበር፤ እርስዎ ፎቅ ላይ ነበሩ። ሞቱ የተባሉት ማን እንደሆኑ አልሰሙም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ልቤ ይቆማል የሚሉ ሽማግሌ። ማንም ሰው እሳቸውን ያስባል። እርስዎ ግን ለጤነኛው ሰው ሚስት ደወሉ።»

«ብልቃጡ ተደፍቶብኝ ነው—»

«ስለ ብልቃጥ ማን ጠየቀህ?»

‹እርስዎ› ያኔ ቀረ።

«ቀልደኛው ቢሞት ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ተመልሰው በራቸውን ይዘጉ ነበር፤ መጽሐፍህም አይዋሽም። ሰባት ዓመት ሰው ማሳቅ አቃተህ፤ ላልሞተ ሰው መርዶ ለመናገር ግን አንደኛ ሆንክ። ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ። የባልደረባውን ሥራ ከመናቁ የተነሳ የሚገድለውን ሰው የሳተ ግን አንተን አየሁ። ተነስ።»

ተነሳ። ደረጃው ላይ ያሉትን ፎቶግራፎቹን ቀና ብሎ አላየም።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ቀልደኛው ሐኪም ወደ ክፍሉ ተመልሶ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሟቹ ልጅ ፊቱ መጥታ ቆመች።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«ይቅርብሽ።»

«ንገረኝ።»

«እኔ እሱን ሆኜ ‹ዶክተር፣ ብወጣ እሞታለሁ› አልኩት። ጎንጨት አለና ‹ሞት የቤትህን ቁጥር ያውቃል፣ አንተ ሞኝ! ውጣ፤ መጥቶ ይጣህ!› አለኝ።»

ሳቅ አመለጣት። አፏን በቆቡ ብትይዝም አልቆመላትም። ከዚያ ቆቡን ትልቁ ወንበር ላይ አኖረችና እንባዋ እየወረደ አጨበጨበች።