ፊት የበላው ውሃ

ፊቶቹ ጠፍተዋል።

ወረቀቶቹ አልተሰረቁም፤ አንዱም ከሚስማሩ አልወረደም። ትናንት የአዳራሹን ግድግዳ ሞልተው ያደሩት የሰፈሩ ሰዎች ሰማያዊ ፎቶዎች ግን ገርጥተው ተገኙ። ሽማግሌ የለ፣ ሕፃን የለ። ባዶ፣ ቢጫ ወረቀት ብቻ።

ፎቶ አንሺዋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሰፈሩ «ሰማያዊ ጣት» ይላታል፤ የምታትምበት ቀለም ከጣቷ ለቆ አያውቅም።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» ብላ ጮኸች። «ወንድ ከሆነ ይውጣ!»

ማንም አልወጣም። ወንጀለኛ ሲጠሩት የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ምን ሥራ ነበረው?

«አይዞሽ እህቴ» አላት ፓምፔ። ጎረቤቷ ነው፤ የሳሙና ፋብሪካው የፓምፕ ሠራተኛ። ትናንት ሚስማሩን ሁሉ ሲመታላት ያመሸው እሱ ነው።

ሳጅኗ መጣች። አጭር፣ ደንዳና፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት። ባለፈው «የስብሰባ ፈቃድ አላችሁ ወይ» ልትል መጥታ፣ የራሷን ሰማያዊ ፎቶ አሳትማ ነበር የተመለሰችው።

«ምንድነው የጠፋው?»

«ማስረጃችን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ከሰፈሩ በላይ ነው፤ የሰፈሩ ጉድጓዶች ከሥሩ። ውሃው ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ያድራሉ። አቤት ቢሉ «ውሃው ንጹሕ ነው» ተባሉ። ሰማያዊ ጣት ፎቶ የምታትመው በብረት ጨውና በፀሐይ ነው። የሚወጣው ሰማያዊ ደግሞ ሳሙና የሚሠራበትን ኃይለኛ ሶዳ አይችልም፤ ከነካው ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ሰፈሩን ሰብስባ አስተማረች። እያንዳንዱ የገዛ ፊቱን አተመ። ዛሬ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሲመጣ ሁሉም ፊቱን በየጓሮው ውሃ ሊነክር ነበር። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ፊቱ ይቆያል። ካልሆነ ኃላፊው እያየ ይጠፋል።

«ሌላ አትሚያ» አለች ሳጅኗ።

«በየትኛው ፀሐይ?» ሰማዩ ጥቁር ነው። «ሰውየውን ስንት ለምነን ያመጣነው ነው። ዛሬ ሳያይ ከሄደ አይመለስም። ልጆቻችን ያንን መርዝ ሲጠጡ ሊኖሩ ነው!»

ሳጅኗ ከአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ጀመረች።

«ቁልፉን ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም! የኔም ፊት እኮ አብሮ ጠፍቷል። በዕድሜዬ አንዴ ባምር፣ እሱንም አጠፉብኝ!»

ሳጅኗ ሳቋን ዋጠች። ከበሩ ይልቅ መስኮቱን አየችው፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ተከፍቷል።

ቀጥሎ የሰፈሩ ባለ ፎቶ ስቱዲዮ ተጠራ። ከሰማያዊ ጣት ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው።

«አዎ፣ አልወዳትም» አለ። «ሰው ሁሉ ሰማያዊ ካልሆንኩ ብሎ ሱቄ ጾሙን ዋለ። ግን እኔም ፎቶ አንሺ ነኝ። ፎቶ አጥፍቼ በምን ዓይኔ ካሜራ ልያዝ?»

«ማታ የት ነበርክ?»

«ሰርግ ሳነሳ ነዋ ያደርኩት።»

ሳጅኗ ሙሽራውን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ በስልክ አጣራች። እውነት ነው። ሙሽራው ግን በጣም ተቆጣ።

ወደ ግድግዳው ተመለሰች። ከወረቀት ወረቀት ሄደች። ሁሉም ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ዥረት አለ፤ በመርጫ ተረጭተዋል። አንዱ ላይ ብቻ ዥረት የለም። ተስተካክሎ ገርጥቷል፣ ጠርዙ እንኳ አልተጨማደደም።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእማማ ሳቂታ» አለች ሰማያዊ ጣት። «ነፍሳቸውን ይማር። ፎቷቸው በታተመ ሰሞን ሆዳቸውን ታመው ሞቱ።»

«ልጅ አላቸው?»

ሰዉ ሁሉ ፓምፔን አየው።

«ና እስቲ የኔ ወንድም» አለች ሳጅኗ። «ትናንት ከሁሉ ኋላ ከአዳራሹ የወጣኸው አንተ ነህ። መስኮቱን ከፍተህ ትተህ፣ ኋላ ተመለስክ።»

«እኔ አይደለሁም።»

«እሺ፣ ሌላ ሰው ነው እንበል። ሌላ ሰው የአንተን እናት ለብቻ አውርዶ፣ ሳህን ላይ አስተኝቶ ነክሮ፣ በጨርቅ አድርቆ መልሶ ይሰቅላል?»

ፓምፔ ወደ እናቱ ወረቀት ዞረ።

«ፊቷ ላይ እንዴት ልርጭ?» አለ። «እናቴ እኮ ናት።»

«ፋብሪካው ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ቆሻሻውን ውሃ ማታ ማታ ወደ ሰፈሩ በሚወርደው ቦይ የምለቀው እኔ ነኝ። ይሄ ነገር ከታወቀ... እናቱን የገደለ ሊሉኝ አይደል?»

ሰማያዊ ጣት ደሟ ፈላ። «ስለዚህ የሰዉ ልጆች ይሙቱልህ? አንተ እንዳታፍር?»



«ሶዳውን ከየት አመጣኸው?» አለች ሳጅኗ።

«ሶዳ አይደለም። ከፋብሪካው የቆሻሻ ቧንቧ ነው የቀዳሁት። ትራፊው ከመስኮቱ ሥር በተውኩት መርጫ ውስጥ አለ።»

መጀመሪያ የገባት ጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

«ኧረ ጉድ!» አለች። «ውሃው ፊት እንደሚበላ እንዳይታይ፣ በዚያው ውሃ አስበላን!»

ሰማያዊ ጣት እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ሻይ አፍሉ!»

«አሁን ነው ሻይ ያማራት?» አለ ባለ ስቱዲዮው።

«ብዙ ቅጠል ያለው፣ ስኳር የሌለው፣ በትልቅ ድስት! የጠፋው ሰማያዊው ነው። ብረቱ ወረቀቱ ውስጥ ነው ያለው። ብረት ሻይ ሲያገኝ ይጠቁራል።»

ኃላፊው ሲደርስ ሰዉ ባዶ ወረቀት ይዞ ድስት ከቦ ቆሟል።

«ለዚህ ነው የጠራችሁኝ? ሥራ አለኝ!»

ሳጅኗ ከደረት ኪሷ የራሷን ሰማያዊ ፎቶ አወጣች። የመርጫውን ትራፊ ሳህን ላይ ገለበጠችና ፊቷን ነከረችው። ኮፍያው ሄደ። ዓይኑ ሄደ። ፈገግታዋም ሄደ።

«ይሄ ንጹሕ የተባለው ውሃ ነው» አለች። ማን እንደቀዳውና ምን እንዳደረገበትም ነገረችው።

«ከፋብሪካው ለመምጣቱ ምን ማረጋገጫ አለ? የቀዳው ወንጀለኛ ነው አላችሁ» አለ ኃላፊው።

«ወንጀለኛ ነኝ» አለ ፓምፔ። ከሰዉ መሀል ወጣ። «ኑ እንሂድ። የቧንቧውን ቫልቭ እኔው ልክፈትልዎት፣ ከምንጩ ይቅዱ።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ከዚያ በሩን አየ። በሩ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል፣ የሚያሳልፈውም የለም።

«ቆይ» አለች ሰማያዊ ጣት። የእማማ ሳቂታን ወረቀት ለፓምፔ ሰጠችው። «አንተ ንከራት።»

በሁለት እጁ ይዞ ሻዩ ውስጥ ዝቅ አደረጋት። መጀመሪያ ሻሹ መጣ። ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ ያ ጥርስ የሌለው ሳቅ። ሰማያዊ ሆና የሄደችው ከሰል መስላ፣ ከበፊቱ ጎልታ ተመለሰች። ፓምፔ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ይዘሃት ትወጣለህ» አለችው ሰማያዊ ጣት። «ቫልቩን ስትከፍት ትይህ።»

ባለ ስቱዲዮው ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ሌሎቹም ፊታቸውን እየነከሩ ያወጡ ጀመር። ከወረቀቱ ሻይ እየተንጠባጠበ፣ ጥቁር ፊታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ፋብሪካው ዳገቱን ተያያዙት። ኃላፊው መሀል ገብቷል፤ መውጫ የለውም።

«ሳጅን፣ እጁን አታስሪውም?» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ ከኋላ።

«በኋላ» አለች ሳጅኗ። «አሁን ቫልቭ ይከፍትበታል።»